የውሃ ሞተር በቴሌግራም አዝዛችሁ የተበላችሁ፦ ገንዘቡ ትንሽ ነው ብላችሁ ዝም አትበሉ

የመስኖ ሥራ ሲቃረብ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ የውሃ ሞተር ሻጭ ይበዛል። ባለ 2 እና ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ሞተር ገበያ ላይ ካለው በግማሽ ዋጋ ይለጠፋል። «መጋዘናችን መርካቶ ነው፤ ቡሬም ሆነ መራዊ እንልካለን፤ ግማሹን ቀብድ አስገቡ» ይላሉ። ቀብዱ ሲገባ የጭነት ይጠየቃል። ቀጥሎ «መንገድ ተዘግቶ መኪናው ደጀን ላይ ቆሟል፤ ትንሽ ጨምሩ» ይመጣል። የመንገድ መዘጋት ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር ስላልሆነ ብዙው ያምናል፤ ይጨምራልም። ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሳም።

ዕቃውን በዓይናችሁ ሳታዩ፣ ወይም የምታምኑት ሰው ሱቁ ድረስ ሄዶ ሳያይላችሁ፣ ቀብድ አትላኩ። ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በጣም የሚያሳስበው ግን ከተበላችሁ በኋላ የሚሆነው ነው፤ አብዛኛው ሰው አያመለክትም። አንዱ ያፍራል፣ ሌላው «ለ5,000 ብር ማን ፖሊስ ጣቢያ ይመላለሳል?» ይላል። አታላዩ የሚኖረው በዚህ ስሌት ነው። 5,000 ብር ከ50 ሰው ሲሰበሰብ 250,000 ብር ነው። «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። የአንድ ሰው አቤቱታ ብቻውን ሲቀርብ የገዢና የሻጭ ጭቅጭቅ ይመስላል። ሻጩም «ዕቃው ዘገየብኝ እንጂ አላታለልኩም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ከቡሬ፣ ከሞጣና ከዳንግላ የመጡ አቤቱታዎች በአንድ የሒሳብ ቁጥር ላይ ሲገናኙ ግን ያ ክርክር አያዋጣውም፤ ከመጀመሪያውም ለማታለል ማሰቡ ይታያል። ስለዚህ የእናንተ 5,000 ብር ባይመለስ እንኳ አቤቱታችሁ ለሌላው ሰው ጉዳይ ማስረጃ ይሆናል።

እንደተበላችሁ ስታውቁ መጀመሪያ ወደ ባንክ ደውሉ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951 ነው፤ በቴሌብር ከላካችሁ የኢትዮ ቴሌኮም 994 አለ። ገንዘቡ የገባበትን ሒሳብና የግብይቱን ቁጥር ነግራችሁ አቤቱታችሁ እንዲመዘገብ ጠይቁ። ገንዘቡ በደቂቃዎች ውስጥ በኤቲኤም ሊወጣ ወይም ወደ ሌላ ሒሳብ ሊዛወር ስለሚችል እስከ ነገ አታሳድሩት። በስልክ ስለነገራችኋቸው ብቻ ግን ገንዘቡ አይመለስም፤ ባንኩ የሌላ ሰው ሒሳብ ላይ እርምጃ ለመውሰድ የፖሊስ ወይም የፍርድ ቤት ደብዳቤ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ተናዶ ለሻጩ «እከስሃለሁ» ብሎ በመጻፉ ነው። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን ጽሑፉን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ዛታችሁ ከደረሰው ሁሉንም ጠርጎ ይጠፋል፤ እናንተም ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ። ስለዚህ ምንም ሳትጽፉ ጭውውቱን ከላይ እስከ ታች፣ ቀንና ሰዓቱ እየታየ፣ ስክሪንሹት አንሱ። የሻጩን ገጽ ከፍታችሁ የመጠቀሚያ ስሙንና ስልኩን፣ ማስታወቂያው የወጣበትን ቻናል ሊንክም ያዙ። ስሙን በማንኛውም ጊዜ ሊቀይረው ስለሚችል የፎቶና የስም ምስል ብቻውን አይበቃም። የባንኩን አጭር መልእክትም አታጥፉ።

ቀጥሎ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። ሻጩ «አዲስ አበባ ነኝ» ስላለ አዲስ አበባ መሄድ የለባችሁም፤ ገንዘቡን ከላካችሁበት ከተማ ወይም ወረዳ ፖሊስ ጀምሩ። በማመልከቻው ላይ የላካችሁትን መጠን በየክፍያው፣ የግብይት ቁጥሩን፣ የተቀባዩን ስምና ሒሳብ፣ የደወለላችሁን ስልክ ጻፉ። ሰዓቱን ተጠንቀቁ። ደረሰኙ ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚወጣ 15:20 ማለት በእኛ ከቀኑ 9:20 ነው። ማመልከቻው በአንዱ፣ ደረሰኙ በሌላው ከሆነ የ6 ሰዓት ልዩነት ይፈጠርና መርማሪው ግብይቱን ሲፈልግ ይቸገራል። ቀኑንም ሰዓቱንም ደረሰኙ ላይ እንዳለው ገልብጡ፤ የእኛን ከጎኑ ጨምሩ።

ሕጉ ግልጽ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 10 በኮምፒውተር የሚፈጸም ማታለልን እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። ይኸው አዋጅ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን (ማን ከማን ጋር፣ መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን) ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ ያዝዛል። ዓመት አልፏችሁ ብታመለክቱ መረጃው ላይገኝ ይችላል።

የተቀባዩን ስምና ፎቶ ግን ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ሒሳቡ በሌላ ሰው መታወቂያ የተከፈተ፣ ወይም ያለ ዕውቀቱ የተጠቀሙበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እናንተም ሒሳባችሁንና ሲም ካርዳችሁን ለማንም አታውሱ፤ መርማሪ መጀመሪያ የሚጠራው ሒሳቡ ወይም ሲም ካርዱ በስሙ ያለውን ሰው ነው።

«ገንዘባችሁን እናስመልሳለን፤ የአገልግሎት ብቻ ክፈሉ» የሚሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይከተላሉ። እነዚህም ያው ሌቦች ናቸው፤ ቁጥራቸውን መዝግባችሁ እዚያው መዝገብ ላይ አስጨምሩ። ከጣቢያው ስትወጡ የመዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስም ጽፋችሁ ያዙ፤ ለባንክ የሚጻፈው ደብዳቤ መውጣቱን የምትጠይቁት በዚያ ቁጥር ነው።