«ከጌቲስበርግ የተቆፈረ» የሚል ወረቀት አይታችሁ ገንዘብ አታውጡ

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865 እ.ኤ.አ.) ዕቃ የምትሰበስቡ፣ በመስታወት ሳጥን ከምስክር ወረቀት ጋር የሚሸጡትን ጥይቶች ተጠንቀቁ። ጥይቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ባለ ሦስት ቀለበቱ ሚኒዬ (የዚያ ጦርነት ሾጣጣ የእርሳስ ጥይት) በገፍ የተሠራ ስለሆነ ዛሬም ከመሬት ይወጣል፤ ርካሽ ነው። ዋጋውን የሚሰቅለው እንደ ጌቲስበርግ ያለ የታወቀ የውጊያ ቦታ ስም ነው፣ ስሙን ደግሞ ሻጩ ራሱ ያተመው ወረቀት አያረጋግጥም። ማን ቆፈረው? መቼ? በማን የግል መሬት ላይ? ባለመሬቱስ ፈቅዷል? ይህ በጽሑፍ ከሌለ ከእርሳሱ ዋጋ በላይ አትክፈሉ።

የጌቲስበርግ ጦር ሜዳ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ መቆፈር ቀርቶ ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ይዞ መግባትም ክልክል ነው። የ1979ኙ (እ.ኤ.አ.) የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ ያለ ፈቃድ ከፌዴራል መሬት የወጣን ዕቃ ሻጩንም ገዢውንም ተጠያቂ ያደርጋል። እና «ከፓርኩ መሀል የወጣ ነው» ብሎ የሚምል ሻጭ ወይ ይዋሻል፣ ወይ ወንጀሉን እየነገራችሁ ነው።

አፈሙዙ 0.58 ኢንች የሆነ ጠመንጃ ሚኒዬ ውፍረቱ 14.6 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 32 ግራም አካባቢ ነው፤ ቂጡ ወደ ውስጥ በሾጣጣ ተቦርብሯል። ለረጅም ዘመን የተቀበረ እርሳስ ነጭ ወይም ቡናማ ቅርፊት ያወጣል፣ ይህም ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ነው። በኮምጣጤ እንፋሎት በጥቂት ቀን የነጣው ግን ዱቄቱ ጣት ላይ ይቀራል። በቢላ አትፋቁት፤ ቅርፊቱ ሲነሳ ዋጋውም አብሮ ይነሳል። ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን ታጠቡ።

«እግሩ ሲቆረጥ ወታደሩ የነከሰው» እየተባለ በእጥፍ የሚሸጠው ጥርስ ያረፈበት ጥይት ደግሞ የለየለት ተረት ነው። ሐኪሞቹ ክሎሮፎርምና ኤተር ነበራቸው። አብዛኛውን ያኘከው መሬት ሲምስ ያገኘው አሳማ ነው።

የሰሜኑ (የፌዴራሉ መንግሥት) ጦር ሞላላ የቀበቶ ዘለበት ፊቱ ስስ የናስ ቆርቆሮ፣ ጀርባው የፈሰሰበት እርሳስ ሲሆን መንጠቆዎቹ እርሳሱ ውስጥ ተተክለዋል። ጀርባውም ናስ ሆኖ አንድ ወጥ ከተቀለጠ ይለፋችሁ።

የመድፍ አረር የምትሉትን በሜትርና በሚዛን አንድ ላይ ለኩ፤ ማዕድን የሚፈጭበት የፋብሪካ ብረት ኳስም በዚያው ስም ይሸጣል። ባለ 12 ፓውንዱ ድፍን አረር ዲያሜትሩ 11.5 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱ 5.6 ኪሎ ገደማ ነው። መጠኑ ይህ ሆኖ ክብደቱ ከቀለለ፣ ወይም የማቀጣጠያ ቀዳዳ ካለው፣ ውስጡ ባሩድ ሊኖር ይችላል። በ2008 እ.ኤ.አ. ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሲያጸዳ የነበረ ሰብሳቢ ፈንድቶበት ሞቷል። ባሩዱ በባለሙያ መውጣቱን ሻጩ ካላሳየ ቤታችሁ አታስገቡት።