ዝም ስል የጠበቀችኝን ሶሻል ወርከር ላመስግን

ይህን ጽሑፍ ከጀመርኩት ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ እቀመጥና ሁለት መስመር ሳልጽፍ እንባዬ ይቀድመኛል። ዛሬ ግን እንደምንም ልጨርሰው፤ ሳላመሰግን መክረሜ ዕዳ ሆኖብኛል።

ባለቤቴ ታሞ ሥራ ካቆመ ወዲህ ኑሯችን ቁልቁል ሄደ። ኪራይ ተጠራቀመ፣ የተበደርናቸው ሰዎች ስልክ መደወል አበዙ። ዕድሜ ልኬን ሠርቼ የበላሁ ሴት ነኝ፤ የሰው እጅ ማየት አላውቅበትም። ሲብስብኝ ወረቀቶቼን በፌስታል ይዤ የእርዳታ ቢሮ ደጅ መጥናት ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ቦታ መስኮት ላይ ነው የሚያናግሩት። ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ አለ። ልጄ የሚሆን ወጣት ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ «አንቺ፣ ባልሽ የት ነው?» አለኝ፤ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ። ታሟል አልኩት። «ምኑን?» አለ። እዚያ ሁሉ ሰው መሀል የባሌን ሕመም ተናገርኩ። ከዚያ «መስፈርቱን አታሟይም» ብሎ ወረቀቴን መለሰልኝ። የትኛውን መስፈርት? አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ቶሎ ከዚያ መጥፋት ነበር የፈለግኩት።

ሁለተኛው ቦታ ቅጽ ሰጡኝና «ሞልተሽ ነይ» አሉኝ። ግማሹ ቃል አይገባኝም፣ የ13 ዓመት ልጄ እያነበበች ሞላችልኝ። አንዱ ጥያቄ ባለፈው ወር ሳትበሉ ያደራችሁት ስንት ቀን ነው ይላል። ልጅቷ እኔን ሳትጠይቅ ቁጥር ጻፈች። ቀና ብላም አላየችኝም። እኔ ከልጆቼ ደብቄዋለሁ ብዬ የማስበው ነገር ነበር፤ ቁጥሩ ትክክል ነው። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሦስተኛው ቦታ ደግሞ ታሪኬን ከመጀመሪያው ጀምሬ ስናገር አንዷ አቋርጣኝ «ደህና ሳለሽ ለምን አልቆጠብሽም?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለወራት የትም አልሄድኩም።

ወደዚህች ሶሻል ወርከር፣ ማለትም የተቸገረ ሰው ጉዳይ ወደምትከታተለው ባለሙያ፣ የላከችኝ እንደኔ የተቸገረች ሴት ናት። «ግድ የለሽም፣ እሷ ሌላ ናት» አለችኝ። ተስፋ አድርጌ ሳይሆን አፍሬያት ሄድኩ።

ገና ስገባ ተነሥታ በር ድረስ መጣች። «ማን ብዬ ልጥራዎት?» አለችኝ። አንቱታው ራሱ ጉሮሮዬን ያዘው። በሩ ይዘጋ ወይስ ገርበብ ይበል ብላ እኔን ጠየቀች። ስልኳን መሳቢያ ውስጥ ከተተች፤ ከጠረጴዛው ማዶ የነበረውን ወንበሯን ጎትታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ የምትጽፍበትን ወረቀት እኔም እንዳየው መሀላችን አደረገችው። ከዚያ አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ በፊት እሷ ነገረችኝ፦ አንድ ሰዓት እንዳለን፣ የምትጽፈውን ማን እንደሚያየው፣ የሰው ሕይወት ወይም የልጅ ደህንነት አደጋ ላይ ከሆነ ግን በምሥጢር መያዝ እንደማትችል። «መመለስ የማይፈልጉት ካለ ይለፈኝ ይበሉ፣ አልቀየምም» አለችኝ።

ከዚያ «ዛሬ ከሁሉም የከበደዎት የቱ ነው?» አለች።

መናገር አቃተኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። እና እሷ ዝም አለች። ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም፣ ሰዓቷን አላየችም፣ «አይዞዎት፣ አያልቅሱ» እንኳን አላለችም። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔ ረጅም ነበር። በመጨረሻ ያወራሁት ስለ ኪራይ አይደለም። ቀጠሮ መርሳቴን፣ ወረቀት የት እንዳስቀመጥኩ መጥፋቱን፣ ሰው ሲያናግረኝ አለመስማቴን ነው ያወራሁት። ሰነፍ ሆኛለሁ፣ ጭንቅላቴ ሞቷል አልኳት።

ያኔ አንድ ነገር ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት አለ አለች። ህንድ አገር የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከአዝመራ በፊት እጃቸው ባጠረበት ጊዜ፣ ከዚያም ሰብላቸውን ሸጠው ገንዘብ ከያዙ በኋላ ፈተኗቸው፤ ያው ሰዎች በችግሩ ወቅት ያመጡት ውጤት ዝቅ ያለ ነበር። አጠናኑ አልገባኝም፣ ማብራራትም አልችልም። የገባኝ የገንዘብ ጭንቀት ሐሳብን እንደሚሻማ፣ ሰነፍ እንዳልሆንኩ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀጠሮ ስረሳ ራሴን አልሰድብም፤ ትልቅ አድርጌ ጽፌ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ።

ቅጹን አንድ ላይ ሞላነው። ከባዱን ቃል ሁሉ በቤታችን ቋንቋ ትነግረኛለች። ስንጨርስ «በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልወቅ፤ ቤት ሲገቡ ለባለቤትዎ እንዴት ብለው ይነግሯቸዋል?» አለችኝ። ነገርኳት፤ አንዱን ቦታ አሳሳትኩት። «እሱን እኔ ነኝ በደንብ ያላብራራሁት» ብላ እንደገና አስረዳችኝ። «ነገርኩሽ እኮ!» ለለመደ ጆሮ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

የኪራዩን ጉዳይ ግን እዚህ መጨረስ አልችልም አለችኝ፤ በግልጽ፣ ሳታድበሰብስ። ታዲያ አድራሻ ሰጥታ አልሸኘችኝም። የትኛውን ልንገራቸው፣ የትኛውን ልተው ብላ ጠይቃኝ፣ እዚያው ፊቴ ደወለችና ጉዳዬን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳችልኝ። የማገኘውን ሰው ስም፣ ቀኑን፣ ይዤ የምሄደውን ማስረጃ በትልልቁ ጽፋ ሰጠችኝ። በቀጠሮዬ ቀን ስደርስ ሰውየው ስሜን ያውቀዋል። ባሌ የት እንዳለ አልጠየቀኝም። ታሪኬን ከሥር ከመሠረቱ ሳልደግመው የገባሁበት የመጀመሪያው ቢሮ እሱ ነው። ያቺ ወረቀት ዛሬም ቦርሳዬ ውስጥ አለች።

ሁሉ ነገር ተስተካክሏል ብዬ አልዋሻችሁም። የተጠራቀመው ኪራይ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እንዲከፈል ተስማምተናል። ባለቤቴ ገና አልዳነም። ካመለከትኩት አንዱ ውድቅ ሆኗል። ውድቅ መሆኑን ግን ከደብዳቤ አይደለም የሰማሁት፤ ራሷ ደውላ ምክንያቱን ነገረችኝ፣ ይግባኝ ማለት እንደምችልም አስረዳችኝ። ይግባኝ የሚባል ነገር እንዳለ ያወቅኩት ያን ቀን ነው! በመስኮቱ በኩል የመለሰኝ ልጅ ይህችን አንዲት ቃል ቢነግረኝ ኖሮ እነዚያን ወራት ቤቴ ቁጭ ብዬ አላለቅስም ነበር።

አንድ ቀን «ይሄን ከእናትሽ ነው የተማርሽው?» አልኳት። ሳቀችና የተማረችው ሥልጠና ላይ መሆኑን ነገረችኝ፤ እስካሁንም ከባልደረቦቿ ጋር አንዱ ባለጉዳይ፣ አንዱ ሠራተኛ እየሆኑ ይለማመዳሉ፣ የተሳሳተውን ይተራረማሉ። እኔ ተፈጥሮዋ ብቻ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ የእነዚህ ቢሮዎች አለቆች ይህን ካነበባችሁ፣ እባካችሁ ሠራተኞቻችሁን አሠልጥኑ፤ በር ያለው ክፍልና ጊዜም ስጧቸው። ያ ወጣትም ከጀርባዬ ያን ሁሉ ሰልፍ ሲያይ ምን ያህል ተጨንቆ እንደነበር አሁን ሳስበው ይገባኛል። አነጋገሩ ግን ዛሬም ያመኛል።

ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ለምናኛለች፣ ቃሏን አከብራለሁ። የተቸገራችሁ፣ አንዴ ሄዳችሁ ተዋርዳችሁ የተመለሳችሁ፣ ሁለተኛ አልሄድም ያላችሁ፣ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሷ ጋ ሂዱ። ደግሜ እላችኋለሁ፣ እሷ ጋ ሂዱ። የምታውቁት የተቸገረ ሰው ያላችሁም ንገሩልኝ። ብቻውን መግባት የሚከብደው ካለ አብሬው እሄዳለሁ፤ እስኪጨርስ ውጭ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ።

ልጄ፣ አንቱታውን ተይው ስልሽ እምቢ ያልሽኝ፣ ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ሐሙስ በቀጠሯችን እመጣለሁ። ልጄም አብራኝ ልትመጣ ነው፤ «ያቺ ቅጹን ከአንቺ ጋር የሞላችውን ሴትዮ ልያት» ብላኛለች።