ወደ ሳነቴ ስትወጡ ዲንሾን አትለፏት

እናቴን ይዤ ወደ ባሌ የተጓዝኩት በጥቅምት መጨረሻ፣ ከፍራንክፈርት በገባሁ በሳምንቴ ነው። መኪናውን ያከራየኝን ድርጅት ስም አልጠራም። ነዳጅ በዋጋው ውስጥ ነው ተብዬ ነበር፤ ሻሸመኔ ስንደርስ ግን ሾፌሩ ማደያ በር ላይ ቆሞ ገንዘብ ጠየቀኝ። የተስማማችሁበትን በጽሑፍ ያዙ። ይኸው ሾፌር ዲንሾ ስንቃረብም፣ «እዚህ ደግሞ ምን አለ ብለሽ ነው? ቀይ ቀበሮ ያለው ላይ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ነው፤ እንለፍ» አለኝ።

እንኳንም አልሰማሁት። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ነው፤ አስጎብኚ የሚገኘውም እዚያው ነው። የጥዱና የኮሶው ደን ከደጁ ስለሚጀምር መኪናውን አቁመን በእግር ገባን። ኒያላን እስከዚያ ቀን ድረስ የማውቀው በሲጋራ ፓኮና በባለ 10 ሳንቲሙ ላይ ብቻ ነበር። ገና ሩብ ሰዓት ሳንሄድ አንድ ወንድ ኒያላ ጠመዝማዛ ቀንዱን እንደ ዘውድ ተሸክሞ፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ቅጠል እየቀነጠሰ አገኘነው። ቀና ብሎ አየን፤ ነጭ ምልክቱ ከዓይኖቹ መሀል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ ንቆን ወደ ቅጠሉ ተመለሰ። ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር የትም የማይገኝ እንስሳ ነው።

አስጎብኚያችን የዚያው አካባቢ ልጅ ነው። አንድ ዛፍ ሥር አቁሞን በጣቱ ወደ ላይ አመለከተ። ጉቶ የመሰለኝ ነገር ዓይኑን ገለጠ፤ ለካ ጉጉት ነው! ብቻዬን ብሆን መቶ ጊዜ ባልፍበትም አላየውም ነበር። እናቴ ግን ዓይኗ ከኮሶው አልተነሳም።

«ልጅ ሳለሁ አፍንጫዬን ይዘው ያጠጡኝ ይሄ ነው?»

«አበባው ነው እማማ፤ አሁን ግን ክኒን አለ» ቢላት ሁለቱም ሳቁ። የተጠየቅኩትን ከፍዬ ጉርሻ ጨመርኩለት፤ ሲያንሰው ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጋይሳይ ሜዳ ሄድን። ከርከሮዎች በጉልበታቸው ተንበርክከው ሣር ይግጣሉ፤ ኒያላዎቹ በመንጋ፣ ከእነርሱ አለፍ ብሎ ደግሞ የሰው ከብት ተሰማርቷል። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ሜዳው ግን አሁንም ለሁለቱም ግጦሽ ነው። እስከ መቼ እንደሚበቃቸው እንጃ።

ያደርነው ሮቤ ነው። ሆቴሉ ሙቅ ውሃ አለኝ ብሎ ነበር፤ ውሃው የመጣው በባልዲ ነው። ያመጣችልን ልጅ ትሕትና ባይኖር እቆጣ ነበር። አንሶላው ንጹሕ ነው፤ ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል፣ ወፍራም ጃኬት ያዙ።

ሾፌራችን? ጋይሳይ ላይ ሳንነግረው መኪናውን አቁሞ፣ ስልኩን አውጥቶ ለልጁ ኒያላ ሲቀርጽ ነበር። በማግስቱ ሳነቴ ወጣን። ጉም ሸፍኖት ቀበሮ ቀርቶ መንገዱም አልታየንም።