የእናቴን ውሻ ፎቶ አስነሳሁ፦ ከለገጣፎ የአገልግሎት ወሬ

ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት ገብቼ ነበር። ስለ ሲም ካርድና ስለ መኪና ኪራይ ብዙ ሰው ጽፎላችኋል። እኔ የማወራችሁ ስለ ውሻ ፎቶ አንሺ ነው። አዎ፣ የውሻ።

እናቴ የምትኖረው ለገጣፎ ነው። ውሻዋ መቻል ይባላል። ጥቁር የአበሻ ውሻ ነው፤ አርጅቶ አፉ ዙሪያውን ሸብቷል። የደወልኩላቸው ፎቶ አንሺዎች ሁሉ ሠርግና ምርቃት የለመዱ ናቸው። አንዱ ሳቀብኝና ስልኩን ዘጋ። እናቴም ከሱ አልተሻለችም። «ውሻ ደግሞ ምን ፎቶ ያስፈልገዋል?» አለች። ጃንሆይ ከውሻቸው ከሉሉ ጋር የተነሱትን ሳስታውሳት «የቤተ መንግሥት ውሻና የኔ ውሻ አንድ ነው እንዴ?» ብላ ዘጋችኝ።

ስቱዲዮ ልንወስደው ብለን በስልክ ታክሲ ጠራን። ሾፌሩ መቻልን ሲያይ ጉዞውን ሰርዞ ሄደ። የውሻ ፀጉር ከወንበር ላይ በቀላሉ ስለማይለቅ አልፈርድበትም።

በመጨረሻ አንድ ወጣት ቤት ድረስ እመጣለሁ አለ። ገና በስልክ የጠየቀኝ ነገር ደስ አለኝ። ቀለሙ ምንድን ነው? እንግዳ ይናከሳል? የእብድ ውሻ ክትባት ተከትቧል? የክትባት ካርዱን ፎቶ አንስቼ ላኩለት። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ መጠየቁ ትክክል ነው።

ቀትር ላይ አላነሳም አለ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ አገር ነው፤ የቀን ፀሐዩ ይወጋል፣ የውሻውም ዓይን በጥላ ይሸፈናል። 11 ሰዓት ላይ መጣ። ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ፀሐይ ቁልቁል ነው የምትጠልቀው፤ ያ ለስላሳ ብርሃን ቶሎ ያልቃል። እሱ ግን አልቸኮለም። ካሜራውን ሳያወጣ ለመቻል ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠና የእናቴን ቡና ጠጣ። መቻል ራሱ መጥቶ እስኪያሸተው ጠበቀ።

ከዚያ መሬት ላይ በሆዱ ተኛ። ሌንሱ ከውሻው ዓይን እኩል ሆነ። መቻልን ከብረት በሩ ጥላ ሥር፣ ፊቱን ወደ ሰማዩ ብርሃን አዙሮ አስቀመጠው። ጥቁር ውሻ ላይ ዓይኑ ውስጥ ብልጭታ ከሌለ ዓይኑ የት እንዳለ እንኳ አይታይም። ሌላም ጣጣ አለ። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚወስደው ጥቁር ውሻ አመድ መስሎ ይወጣል። ልጁ ብርሃኑን ቀነስ አደረገ። የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ በጣም ሲከፍተው ደግሞ ዓይኑ ጠርቶ አፍንጫው ደበዘዘ፤ የመቻል አፍንጫ ረዥም ነው። ትንሽ ዘጋ አደረገው።

ረዳቱ ከውጭ ሆኖ በሩን በቁልፍ ኳ ኳ ሲያደርግ የመቻል ጆሮ ቀጥ አለ። ዘበኛነቱ መጣበት። ደጋግሞ ግን አላስመታም፤ ውሻ ድምፅን ቶሎ ይለምዳል።

መሐል ላይ መቻል ማዛጋትና ከንፈሩን መላስ ጀመረ። እናቴ «እንቅልፉ መጣ» አለች። ልጁ ካሜራውን አስቀምጦ «የለም እማማ፣ ጨንቆት ነው፤ ትንሽ እንተወው» አላት። እኔ ለዚህ ብቻ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ። ሰው ምላሱን ያወጣ ውሻ ሲያይ «ሳቀ» ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሙቀት ነው።

ከሁሉ የወደድኩት ፎቶ እናቴ «አንተ ሌባ፣ ዳቦውን የበላኸው አንተ ነህ?» ስትለው የተነሳው ነው። ጆሮውን አጥፎ፣ ቅንድቡን ሰቅሎ ሽቅብ ያያታል። ያጠፋ ይመስላል። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የምትባል ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ግን ይህ ፊት የሚመጣው ከባለቤቱ ቁጣ እንጂ ከጥፋቱ አይደለም። ዳቦውን ማን እንደበላው እስካሁን አልታወቀም። እኔ ወንድሜን እጠረጥራለሁ።

ቅሬታም አለኝ። ፎቶዎቹ ከቀጠሮው ዘግይተው መጡ። ይባስ ብሎ የመቻልን ሽበት አጥፍቶ ልኮልኛል! የሙሽራ ፊት ማስተካከል የለመደ እጅ ነዋ። ደውዬ ሽበቱን መልስልኝ አልኩት፤ እየሳቀ መለሰ። ዋጋው ከሠርግ በእጅጉ ያንሳል። ቀብዱን በቴሌብር ከፈልኩ። ከውጭ መምጣቴን እያወቀ አንድ ብር አልጨመረብኝም፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ያላረካኝ ማተሚያ ቤቱ ነው። ጥቁሩን ሰማያዊ አድርጎ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ አተመው። ጥቁር ውሻ ካላችሁ የማያብረቀርቅ ወረቀት ጠይቁ፤ መጀመሪያም አንድ ትንሽ ናሙና አሳትማችሁ እዩ። እኔ በሌላ ቦታ አሳተምኩት። እናቴ ግን የሚያብረቀርቀውን መርጣ ሳሎን ሰቀለችው፤ የወንድሜን የምርቃት ፎቶ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ። ወንድሜ አኩርፏል።