ዳገቱን ሞተሩ ያግዛል፣ ቁልቁለቱ ግን የራሳችሁ ነው፦ 14 ወር በኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌት

ይህን ብስክሌት ከመግዛቴ በፊት ሦስት ወር ሙሉ ያነበብኩት ስለ ሞተር ብቻ ነበር። ስንት ዋት ነው? ጉልበቱ ስንት ኒውተን ሜትር ነው? ባትሪው ስንት ኪሎሜትር ያስኬዳል? አሁን 14 ወር ሆነኝ፤ ቆጣሪው 1900 ኪሎሜትር አልፏል። ዛሬ አንድ ሰው ምክር ቢጠይቀኝ ስለ ሞተሩ የማወራው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ስለ ፍሬን፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ክብደትና ስለሚነዳበት መንገድ ብዙ የምለው አለኝ።

የት እንደምነዳ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ የእኔ ልምድ ለእናንተ የሚሆነው መንገዳችን ከተመሳሰለ ነው። የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ውስጥ ነው። ከተማው ራሱ ከባሕር ጠለል 1600 ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው። ወደ ምዕራብ 40 ደቂቃ ያህል ነድታችሁ ጎልደን ስትደርሱ ተራራው ይጀምራል። የማዘወትረው ግሪን ማውንቴን፣ ኖርዝ ቴብል ማውንቴንና ዋይት ራንች ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ድንጋያማ ነው፣ ደረቅ ነው። በጋ ላይ ከሰዓት በኋላ መብረቅና ዝናብ ስለሚመጣ ጠዋት ወጥቶ ከቀትር በፊት መውረድ ያስፈልጋል።

ወደ ኤሌክትሪክ የሄድኩት በጉልበቴ ምክንያት ነው። ግራ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ሐኪሜ ሩጫውን ተው አለኝ። ተራ የተራራ ብስክሌት ሞከርኩ፤ ሜዳው ላይ ደህና ነኝ፣ ዳገቱ ሲጠና ግን ጉልበቴ ይነሣብኛል። ዋይት ራንችን ግማሹን እየነዳሁ፣ ግማሹን እየገፋሁ ነበር የምወጣው። በማግስቱ ሥራ ቦታ ደረጃ መውጣት ያቅተኛል።

እናቴ በስልክ "ሞተር ካለው አንተ ምን ትሠራለህ ታዲያ?" ትለኛለች። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። የእኔ በአሜሪካ አከፋፈል አንደኛ ክፍል የሚባለው ነው፤ እንደ ሞተር ሳይክል የሚጠመዘዝ ነገር የለውም። ፔዳሉን ካልመታችሁ ሞተሩ ዝም ነው። ስትመቱ የእግራችሁን ጉልበት ለክቶ የራሱን ይጨምርበታል፤ ፍጥነቱ በሰዓት 32 ኪሎሜትር ሲደርስ እጁን ያነሣል። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ገደባችሁ 25 ነው። ዳገት ላይ የእጅ ሰዓቴ የልብ ምቴን ከ140 በላይ ነው የሚያሳየኝ። ላቤም ጠብ ይላል። ልዩነቱ ሥቃዩ መቅረቱ ነው። ድሮ በወር አንዴ ብወጣ ነው፤ አሁን በሳምንት ሁለቴ እወጣለሁ።

ወደ ፍሬኑ ልምጣ።

በገዛሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ዋይት ራንችን ከታችኛው መኪና ማቆሚያ ተነሥቼ ወጣሁ። በፊት ሁለት ሰዓት ያህል የሚፈጅብኝን ዳገት በ50 ደቂቃ ጨረስኩት። ላይ ስደርስ ደስታዬን የማካፍለው ሰው አጥቼ ለባለቤቴ ደወልኩ። ስወርድ ግን ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። እኔ 84 ኪሎ ነኝ። ብስክሌቱ 24 ኪሎ ነው። ጀርባዬ ላይ ያለው ቦርሳ ውሃና መፍቻ ይዞ 5 ኪሎ ይሆናል። በጠቅላላው 113 ኪሎ ነው ቁልቁል የሚንደረደረው። በድሮው ብስክሌቴ ፍሬኑን በአንድ ጣት ነካ ሳደርገው ቀጥ ይል ነበር፣ ይኸኛው ግን አልቆም አለ። ያዝኩ፣ ለቀቅኩ፣ እንደገና ያዝኩ። መንገዱ መሃል ላይ የኋላው ፍሬን መጮህ ጀመረ። ቀጥሎ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከዚያ እጀታው መሪውን እስኪነካ ድረስ ገባ። እንደምንም ከመንገዱ ወጥቼ ሣር ውስጥ ቆምኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ከጠርሙሴ ጥቂት ውሃ ዲስኩ (ፍሬኑ የሚይዘው ክብ ብረት) ላይ ጠብ ባደርግበት ቺስ ብሎ ተነነ። እናንተ ይህን አታድርጉ፤ የጋለ ዲስክ ውሃ ሲነካው ሊጣመም ይችላል፣ ቁጭ ብሎ እስኪበርድ መጠበቅ ነው።

ያን ቀን የገባኝ ነገር አሁንም አልተለወጠም። ሞተሩ ዳገት ላይ ባለውለታችሁ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ግን ተሸክማችሁት የምትወርዱት ብረት ነው። ስለዚህ ብስክሌቱን የምትመርጡት ለሚወርድበት መንገድ ነው። መውጣቱን የትኛውም ሞተር ይወጣላችኋል።

ከዚያ በኋላ የፊቱንም የኋላውንም ዲስክ ከ180 ወደ 200 ሚሊሜትር አስቀየርኩ፤ ፍሬኑንም ባለአራት ፒስተን አደረግኩት። ሸራውን ደግሞ ለስላሳውን ትቼ ብረት የተቀላቀለበትን አስገባሁ። እሱ ትንሽ ይጮኻል፣ ግን ሙቀት ይችላል። ዋናውን ልዩነት ያመጣው ግን አነዳዴን ማስተካከሌ ይመስለኛል፤ ፍሬኑን ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ ይዞ ከመውረድ ኩርባው ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ጠበቅ አድርጎ ይዞ ከዚያ መልቀቅ ነው። በ14 ወር የኋላውን ሸራ ሦስት ጊዜ፣ የፊቱን ሁለት ጊዜ ቀይሬአለሁ። ሱቅ ስትሄዱ መጀመሪያ ዲስኩንና ፍሬኑን እዩ። አምራቾች ዋጋ ለመቀነስ ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ የሚነኩት እዚያ ጋ ነው፤ ገዢ ሞተሩን እንጂ ፍሬኑን አይጠይቅማ።

ጎማውም እንዲሁ ነው። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ጎኑ ስስ የሆነ ጎማ ነበር፤ የኋላው በሁለተኛው ወር ድንጋይ ላይ ተቀደደ። አሁን የኋላው ጎነ ወፍራም ነው፤ ክብደት ይጨምራል ግን ሞተር ስላለ አይሰማም። ነፋሱን ከፊት 22፣ ከኋላ 25 ፒኤስአይ ነው የምይዘው። ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ እንደ አገራችን ኩርንችት ያለ እሾህ አለ፤ መንገድ ዳር ይበቅላል፣ ጎማ ላይ ተሰክቶ ይቀራል። ስለዚህ የውስጥ ጎማውን አውጥቼ ቀዳዳ የሚደፍነውን ፈሳሽ ነው የምጠቀመው። እዚህ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ፈሳሹ ቶሎ ይደርቃል፤ በየሦስት ወሩ እጨምራለሁ። አንዴ ረስቼው ኖሮ ጎማው ተንፍሶብኝ 3 ኪሎሜትር በእግሬ ተመልሻለሁ።

ካቴናው በ1100 ኪሎሜትር አለቀ። የእግርና የሞተር ጉልበት ተደምሮ ስለሚጎትተው ነው። በተለይ ዳገት መሃል ላይ በኃይል እየመታችሁ ማርሽ ከቀየራችሁ ይበጠስባችኋል። ትንሽ ቀደም ብሎ፣ እግርን ላላ አድርጎ መቀየር ይሻላል። ካቴና መለኪያዋ በርካሽ ትገኛለች፣ ግዟት።

ባትሪውን በተመለከተ "ስንት ኪሎሜትር ይሄዳል?" የሚለው ጥያቄ ተራራ ላይ አይሠራም። የሚሻለው ስንት ሜትር ከፍታ ያወጣል ብሎ መጠየቅ ነው። የእኔ የሚይዘው ኃይል 750 ዋት ሰዓት ነው። ከፍተኛው እርዳታ ላይ አድርጌ ከሄድኩ ከ1000 ሜትር ብዙም ሳያልፍ ያልቃል። መካከለኛው ላይ 1600 ሜትር አካባቢ ያወጣኛል። ይህ በእኔ ክብደትና በእነዚህ መንገዶች ነው፤ የእናንተ ይለያል። ክረምት ላይ ደግሞ ብርዱ ራሱ ይበላዋል። ባትሪውን ቤት ውስጥ አሳድሬው፣ ልወጣ ስል ነው ብስክሌቱ ላይ የምገጥመው። ዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ጋራዥ ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ይጎዳል። ለሳምንታት የማትነዱ ከሆነም ሞልታችሁ አታስቀምጡት፣ ግማሽ አካባቢ ይሁን።

ቻርጁ አልቆብኝ ያውቃል፣ አንድ ጊዜ ብቻ። መኪናዬ ጋ ለመድረስ 6 ኪሎሜትር ሲቀረኝ ነው። ሞተሩ ቢጠፋም ፔዳሉ ይሠራል፣ ግን 24 ኪሎ ብስክሌት ትንሽ ዳገት ላይ እንኳ ተጣብቆ የተያዘ ነው የሚመስለው። ከዚያ ወዲህ ባትሪው 40 በመቶ ላይ ሲደርስ የትም ልሁን የት ፊቴን ወደ መኪናው አዞራለሁ።

ትልቁ ብስጭቴ ግን ባለፈው ሚያዝያ የደረሰብኝ ነው። መንገድ መሃል ሳለሁ ስክሪኑ ላይ የስህተት ቁጥር መጣና ሞተሩ ቆመ። ባጠፋው ባበራው እምቢ አለ። የሸጠልኝ ሱቅ ብስክሌቱን ተቀበለኝ፣ ግን የዚያን ሞተር ችግር በኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ አልነበረውም። ለሌላ ሱቅ ላኩት፣ እዚያ ደግሞ ዕቃ እስኪመጣ ተባለ። አምስት ሳምንት። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ በተከፈተበት በምርጡ ጊዜ ቤቴ ቁጭ አልኩ። ዋስትናው ሁለት ዓመት ስለሆነ ገንዘብ አልከፈልኩም፣ ጊዜውን ግን ማንም አይመልስልኝም። ስለዚህ አደራችሁን፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን "ይህን ሞተር እዚሁ ትመረምራላችሁ? ወይስ ትልካላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። በኢንተርኔት 500 ዶላር ቀንሶ የሚመጣ ብስክሌት ሲበላሽ ወዴት እንደምትወስዱት ካላወቃችሁ ርካሽ አይደለም። ባትሪውና የኤሌክትሪክ ሥርዓቱ ዩኤል 2849 የሚለውን የደኅንነት ፈተና ማለፉንም እዩ። ኒውዮርክ ከተማ በባትሪ እሳት ምክንያት ከ2023 ጀምሮ ይህን ያላለፈ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ቤታችሁ ውስጥ ሌሊት ቻርጅ የምታደርጉት ነገር ነውና አትናቁት።

የት እንደምትነዱም አስቀድማችሁ አጣሩ። ጎልደን ያለችበት ጄፈርሰን ካውንቲ በራሱ መናፈሻዎች ውስጥ አንደኛ ክፍል ብስክሌትን አፈር መንገድ ላይ ይፈቅዳል። የአሜሪካ የደን አገልግሎት ግን የኤሌክትሪክ ብስክሌትን እንደ ሞተር ተሽከርካሪ ነው የሚያየው፤ ለሞተር ክፍት ካልሆነ መንገድ ላይ አይፈቅድም። እኔ ሳላጣራ በደን አገልግሎቱ ሥር እስካለው ባፋሎ ክሪክ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ነድቼ፣ ምልክቱን አይቼ ብስክሌቱን ሳላወርድ ተመልሻለሁ። ሌሎች ሲገቡ አይቻለሁ። እባካችሁ አትግቡ። በእግር የሚሄዱ ሰዎች ቅሬታ በበዛ ቁጥር የተፈቀደልንም ይዘጋል።

አሁን ስለ ሞተሩ። እንደ ቦሽ ፐርፎርማንስ ላይን ሲኤክስና ሺማኖ ኢፒ8 ያሉት 85 ኒውተን ሜትር ይዘው ለዓመታት መለኪያ ሆነው ቆይተዋል። በ2024 የመጣው የዲጄአይ አቪኖክስ 105 አለው። በሌላ በኩል ቀለል ያሉት አሉ፦ ቲኪው 50፣ ፋዙዋ 60 ኒውተን ሜትር። እነዚህ የተገጠሙባቸው ብስክሌቶች 18 ኪሎ አካባቢ ናቸው። ቁጥሩ ሲታይ ትልቁ የሚሻል ይመስላል፤ እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የገዛሁት። ግን ከ14 ወር ውስጥ ከፍተኛውን እርዳታ የተጠቀምኩባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ክብደቱን ግን ሁልጊዜ እሸከመዋለሁ፤ ድንጋይ ላይ ሳነሣው፣ ኩርባ ላይ ሳዞረው፣ መኪና ላይ ስጭነው። የመኪናው መስቀያም 24 ኪሎ የሚችል መሆን አለበት፣ ብዙዎቹ አይችሉም። ከመጫኔ በፊት ባትሪውን አወጣለሁ፤ 4 ኪሎ ስለሚቀንስ ለወገብ ትልቅ ነገር ነው።

አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ "ስትመጣ አንዷን ይዘህልኝ ና፣ እንጦጦ ላይ እነዳታለሁ" ይለኛል። በልጅነታችን ሳይክል በደቂቃ ተከራይተን ስንጋፋ ያደግን ስለሆንን ጥያቄው ልቤን ይነካዋል። ሞተሩ ለእንጦጦ ይሆናል፤ ቤንዚን ሞተር ከፍታ ላይ አየር ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይፈልግ 3000 ሜትር ላይም ያው ነው። ችግሩ ባትሪው ነው። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ ሻንጣም ሆነ በእጅ ይዞ አውሮፕላን ላይ መግባት አይቻልም፤ የእኔ ደግሞ 750 ነው። ይህን ሳታውቁ ኤርፖርት እንዳትሄዱ።

ዛሬ ብገዛ እንደገና ኤሌክትሪክ ነው የምገዛው፤ ጉልበቴ ከሚያመኝ በላይ ብስክሌቱ ያስደስተኛል። ግን 200 ሚሊሜትር ዲስክና ወፍራም ጎማ ከመጀመሪያው ቀን የያዘ፣ የሚጠግነው ሰው ሰፈሬ ያለ፣ ባትሪውም አነስ ያለ ይሆናል። መስከረም ላይ አንዱን ባለ 18 ኪሎ ለሁለት ቀን ተከራይቼ ያንኑ የዋይት ራንች ቁልቁለት ልወርድበት ቀጠሮ ይዣለሁ። አነስተኛው ሞተር ለጉልበቴ ከተስማማው የእኔን እሸጠዋለሁ።