«500 የግሪድ ዲዛይን በአንድ ጥቅል» የሚሉትን ከመግዛታችሁ በፊት

በኢንተርኔት ፕሪንት የሚደረግ የግሪድ ወረቀት (በመስመር ካሬ ካሬ የተደረገ ወረቀት) ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ነገሩ የአንድ ሻጭ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኔ የገዛሁትን ጥቅል የሚመስሉ ብዙ አሉ። የማስታወቂያ ምስላቸው ያምራል። የሚጠሩት ቁጥር ትልቅ ነው። ወረቀት ላይ ሲወጡ ግን ሥራ ያበላሻሉ።

እኔ የገዛሁት ላይ «500 ዲዛይን፣ 300 ዲፒአይ፣ ለኤ4 ወረቀት፣ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ካሬ» ተብሎ ተጽፏል። ዲፒአይ ማለት በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ነጥብ እንዳለ የሚናገር ቁጥር ነው። ከፍቼ ሳየው አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ያው ግሪድ በሮዝ፣ ያው ግሪድ በሰማያዊ፣ ያው ግሪድ ጥግ ላይ አበባ ተለጥፎበት። ይህን እንኳ ሆድ ይፍጀው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ዋናው ጉዳት ልኬቱ ላይ ነው። ፕሪንት አድርጌ ማስመሪያ ሳስቀምጥበት፣ 40 ካሬ 200 ሚሊ ሜትር መሙላት ሲገባው 198 እንኳ አልደረሰም።

ወረቀቱን ማስታወሻ ለመያዝ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ ምንም ላይመስል ይችላል። ካሬ እየቆጠረ ለሚሠራም ብዙ ችግር የለውም። የልብስ ፓተርን በልኩ ለሚያወጣ፣ ማስመሪያ እየጫነ ለሚነድፍ፣ ወይም ብዙ ገጽ ጎን ለጎን ቀጥሎ አንድ ትልቅ ሥራ ለሚሠራ ግን ትልቅ ጉዳት ነው። ስሕተቱ በየካሬው ትንሽ ትንሽ እየተደመረ ስለሚሄድ መጀመሪያ ላይ ዓይን አይይዘውም። የሚታወቀው ጨርቁ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለማወቅ ፋይሉን ጂምፕ በሚባለው የምስል ማስተካከያ ሶፍትዌር ከፈትኩትና መጠኑን አየሁ። 595 በ842 ፒክስል ነው (ፒክስል ምስሉ የተሠራባት ትንሿ ነጥብ ናት)። ይህ የኤ4 ወረቀት በ72 ዲፒአይ ሲሠራ የሚኖረው መጠን ነው። በ72 ዲፒአይ 5 ሚሊ ሜትር ማለት 14.17 ፒክስል ነው። የፒክስል ቁራጭ የሚባል ነገር ስለሌለ ሠሪው 14 ላይ አቁሞታል። በዚህ ስሌት እያንዳንዱ ካሬ 4.94 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ40 ካሬ ሲባዛ 2.4 ሚሊ ሜትር ጎደለ ማለት ነው። እኔ በማስመሪያ ያገኘሁትም ይህንኑ ነው።

ታዲያ ሽፋኑ ላይ «300 ዲፒአይ» የሚለው ከየት መጣ? እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው። ዲፒአይ በምስሉ ፋይል ውስጥ የሚጻፍ አንድ ቁጥር ነው። ማንም ሰው ፋይሉን ከፍቶ፣ አንድ ፒክስል ሳይጨምር፣ 72ን ሰርዞ 300 ብሎ ሊጽፍበት ይችላል። ምስሉ አይለወጥም። እውነቱን የሚናገረው የፒክስሉ ብዛት ብቻ ነው። በ300 ዲፒአይ ሙሉ ኤ4 ወረቀት 2480 በ3508 ፒክስል ነው። ሌተር የሚባለው ወረቀት ደግሞ 2550 በ3300 ነው። ሻጩ ከዚህ በጣም ያነሰ ቁጥር ከነገራችሁ፣ ወይም የፒክስሉን መጠን ጭራሽ መናገር ካልፈለገ፣ ተዉት።

አንዳንዱ ሻጭ ይህንንም ያውቃል። ትንሹን ምስል በሶፍትዌር ጎትቶ ወደ 2480 በ3508 ያሳድገውና ይሸጠዋል። ያኔ ቁጥሩ ልክ ይሆናል፤ መስመሩ ግን ይበላሻል። ሶፍትዌሩ በመሃል የጎደለውን ፒክስል በግምት ስለሚሞላው፣ ጥርት ያለ የነበረው መስመር ዳርና ዳሩ ይደበዝዛል። አንዱ መስመር ወፍራም፣ ቀጥሎ ያለው ቀጭን ሆኖ ይወጣል። ይህን ለማወቅ ምስሉን 100 ፐርሰንት ላይ አድርጋችሁ ከዚያም ጨምራችሁ እዩት። ሲቀነስ ጥሩ ግሪድም ቢሆን ስክሪን ላይ የተዛባ ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ አሳንሳችሁ አትፍረዱ።

የፋይሉ ዓይነትም ብዙ ይናገራል። ጄፔግ ለፎቶ የተሠራ ነው። ምስሉን 8 በ8 ፒክስል እየከፋፈለ ነው የሚጨምቀው፤ በቀጭን መስመር ዙሪያ እንደ አቧራ ያለ ብናኝ ይተዋል። በነጭ ወረቀት ላይ ፕሪንት ስታደርጉ ያ ብናኝ ሊታይ ይችላል። ግሪድ በምስል መልክ ከሆነ ፒኤንጂ መሆን አለበት። «ጀርባው ግልጽ ነው፣ በማንኛውም ቀለም ላይ ይቀመጣል» ተብሎ ጄፔግ ከተሰጣችሁ ደግሞ ውሸት ነው፤ ጄፔግ ግልጽ ጀርባ መያዝ አይችልም። ከዚህ የባሰም አለ። ግልጽ ጀርባን ለማሳየት ሶፍትዌሮች የሚጠቀሙበትን ግራጫና ነጭ ካሬ በምስሉ ላይ አብሮ ስሎ የሚሸጥ አለ። ፕሪንት ሲደረግ ያ ግራጫ ካሬ አብሮ ይወጣል።

ፒዲኤፍ ሲባል ብዙዎቻችን እናምናለን። አትመኑ። ያንኑ ደካማ ምስል ፒዲኤፍ ውስጥ ከትቶ መሸጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። መለያው ቀላል ነው። ፒዲኤፉን ክፈቱና እስከሚችለው ድረስ አጉሉት። መስመሩ የፈለገውን ያህል ቢጎላ ጥርት ብሎ ከቆየ ቬክተር ነው፤ ማለትም መስመሩ በፒክስል ሳይሆን በሒሳብ ነው የተቀመጠው። ደረጃ ደረጃ እየሠራ ከተሰባበረ ምስል ነው። በግሪድ ሥራ ገንዘብ የሚገባው ቬክተር ብቻ ነው የሚል አቋም አለኝ።

ግራጫ መስመርን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ፈዘዝ ያለ ግራጫ ስክሪን ላይ በጣም ያምራል። ሌዘር ፕሪንተር ግን ግራጫ ቀለም የለውም። ጥቁር ነጥቦችን አራርቆ በማተም ነው ግራጫ የሚያስመስለው። መስመሩ ቀጭን ከሆነ ነጥቦቹ ይቆራረጡና መስመሩ የተበላ ይመስላል። ሻጮቹ የሚያሳዩን ምስል ደግሞ ብዙ ጊዜ የወረቀት ፎቶ ሳይሆን በኮምፒውተር የተቀናበረ ነው። ጠረጴዛው፣ ቡናው፣ እስክሪብቶው ሁሉ። እውነተኛ ፕሪንት ተደርጎ፣ ማስመሪያ ተቀምጦበት የተነሳ ፎቶ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ፋይል ለመሥራት ገንዘብ አያስፈልግም። ጂምፕ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። ቬክተር የሚሠራበት ኢንክስኬፕም እንደዚሁ።

በጂምፕ ስትሠሩ አንድ ዘዴ አለች። 300 ዲፒአይን ተዉትና 254 ተጠቀሙ። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በ254 ዲፒአይ 1 ሚሊ ሜትር ልክ 10 ፒክስል ይሆናል። 5 ሚሊ ሜትር 50 ፒክስል ነው፤ ቁራጭ የለ፣ ግምት የለ። በ300 ዲፒአይ ግን 5 ሚሊ ሜትር 59.055 ፒክስል ስለሚሆን ማጠጋጋት የግድ ነው። መስመሩ ይበልጥ እንዲጠራ የሚፈልግ ሰው 508 ይውሰድ፤ 1 ሚሊ ሜትር 20 ፒክስል ይሆንለታል። በኢንች ለሚሠሩ 300 ጥሩ ነው፤ ሩብ ኢንች ልክ 75 ፒክስል ነው። ባለ 14 አይዳ ጨርቅ ላይ ክሮስ ስቲች የምትጠልፉ ደግሞ 280 አድርጉት። በአንድ ኢንች 14 ካሬ ስላለ እያንዳንዱ ካሬ 20 ፒክስል ይሆናል።

አዲስ ምስል ስትከፍቱ መጠኑን 2002 በ2852 ፒክስል አድርጉ። አድቫንስድ የሚለውን ከፍታችሁ ሬዞሉሽን ላይ ለሁለቱም 254 ጻፉ። ከዚያ ፊልተርስ፣ ሬንደር፣ ፓተርን፣ ግሪድ በሚለው ግቡ። የካሬውን ስፋትና ቁመት 50፣ የመስመሩን ውፍረት 2 ፒክስል አድርጉ። 2 ፒክስል በዚህ መጠን 0.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለዓይን ቀለል ይላል። 40 ካሬ በ57 ካሬ ይወጣላችኋል። ያቺ ትርፍ 2 ፒክስል በቀኝና በታች በኩል የመጨረሻውን መስመር ለመዝጋት ነው፤ ካልጨመራችኋት ግሪዱ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ሙሉውን ኤ4 ያልሞላሁት ሆን ብዬ ነው። አብዛኛው ፕሪንተር እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ አያትምም። 40 በ57 ካሬ ወረቀቱ መሃል ላይ ሲቀመጥ በግራና በቀኝ 5 ሚሊ ሜትር፣ ከላይና ከታች 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይተርፋል። ፕሪንተራችሁ ከዚህ የሰፋ ጠርዝ የሚተው ከሆነ አንድ አንድ ካሬ ቀንሱ።

ፎቶሾፕ ያላችሁ 50 በ50 ፒክስል የሆነ ትንሽ ምስል ክፈቱ። ከላይና ከግራ በኩል ብቻ መስመር አስምሩበት። ኤዲት ውስጥ ዲፋይን ፓተርን በሉት። ከዚያ ትልቁን ገጽ በፊል፣ በፓተርን ሙሉት። አራቱንም ጎን ካሰመራችሁ መስመሮቹ እየተነባበሩ እጥፍ ይወፍራሉ።

የእኔ ምርጫ ግን ኢንክስኬፕ ነው። ኤክስቴንሽንስ ውስጥ ሬንደር፣ ከዚያ ግሪድስ የሚል አለ። ካርቴዥያን (ተራው ባለ ካሬ)፣ አይሶሜትሪክ (ባለ ሦስት ማዕዘን) እና ፖላር (ባለ ክብ) ግሪድ እዚያው ተዘጋጅተው ይጠብቋችኋል። ርቀቱ እየጠበበ የሚሄደው ሎጋሪዝሚክ መስመር እንኳ በካርቴዥያኑ ውስጥ አለ። የሚወጣው ቬክተር ስለሆነ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ስታስቀምጡት የትኛውም ፕሪንተር ላይ ጥርት ይላል። ሻጮች «ስፔሻል» እያሉ በውድ የሚሸጡት አይሶሜትሪክ ወረቀት በነፃ ሶፍትዌር ውስጥ ዝግጁ መሆኑን ሳውቅ በጣም ነው የተናደድኩት።

ፕሪንት ስታደርጉ ደግሞ አደራ። ፋይሉ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ የፕሪንት መስኮቱ ላይ «ፊት» (Fit፣ ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን) የሚለው ከተመረጠ ፕሪንተሩ ገጹን በራሱ ልክ ያሳንሰዋል ወይም ያሳድገዋል። «አክቹዋል ሳይዝ» ወይም 100 ፐርሰንት የሚለውን ምረጡ። አንድ ገጽ ብቻ አውጡና 100 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን 20 ካሬ በማስመሪያ ለኩ። በአግድምም በቁመትም ለኩ፤ አንዳንድ ፕሪንተር በአንዱ በኩል ብቻ ትንሽ ይስታል። ልክ ከሆነ የፈለጋችሁትን ያህል አትሙ። የሻጭን ፋይል ስትመረምሩም መጀመሪያ ይህን አስተካክሉ፤ የፕሪንተሩን ጥፋት በሻጩ ላይ እንዳትጭኑ።

«በነፃ ሞክሩ» እያሉ የካርድ ቁጥር የሚጠይቁትን በተመለከተ አጭር ቃል አለኝ። የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ በራሱ ወደ ወርሃዊ ክፍያ የሚሸጋገር ከሆነ፣ ለአንድ ግሪድ ብላችሁ አትግቡ። በግሪዱ ላይ ፕላነር ወይም ደብተር ሠርታችሁ ለመሸጥ የምታስቡ ደግሞ ፈቃዱን አንብቡ። «ለግል ጥቅም ብቻ» የሚል ከሆነ የሠራችሁት ሥራ ላይ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። አንዳንዱ ጥቅል ደግሞ የመሸጥ መብቱ ለብዙ ሰው የተሰጠ ስለሆነ፣ ያው ፋይል በተለያየ የሱቅ ስም ይዞራል። የማስታወቂያውን ምስል በምስል መፈለጊያ ፈልጉት፤ በሌላ ስም ካገኛችሁት እንዲህ የሚዞር ፋይል ነው ማለት ነው።

አሁንም መግዛት የምትመርጡ ትኖራላችሁ፤ ጊዜ የሌለው ሰው አለ። እንግዲያው ሻጩን ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁት። ፋይሉ ቬክተር ነው ወይስ ምስል? ምስል ከሆነ በፒክስል ስንት በስንት ነው? ቀለሙና ጌጡ ሳይቆጠር፣ የካሬው መጠን የሚለያይ ስንት ግሪድ አለው? አንድ ገጽ ናሙና ይልካል ወይ? ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመመለስ አይቸገርም። እኔ ከገዛሁ በኋላ የፒክስሉን ጥያቄ ስጠይቅ የተመለሰልኝ «ሃይ ኳሊቲ ነው» የሚል ብቻ ነበር።

ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ፋይሉን ክፈቱ። ብዙ ሻጭ ዳውንሎድ የተደረገ ፋይል አልመልስም ይላል፤ ከማስታወቂያው ጋር የማይገጥም መሆኑን ማሳየት ከቻላችሁ ግን ክርክራችሁ ይጠነክራል። የሽያጭ ገጹን ከነመግለጫው ስክሪንሾት አንሱ፤ ቅሬታ ሲበዛ ጽሑፉን ይለውጡታል። የፒክስሉን መጠን የሚያሳየውን መስኮትም አንሱ። የታተመውን ወረቀት ማስመሪያ አስቀምጣችሁበት ፎቶ አንሱት፤ ዜሮው ከመጀመሪያው መስመር ጋር ልክ እንዲገጥም አድርጉ። ሦስቱን አያይዛችሁ መጀመሪያ ለሻጩ፣ እምቢ ካለ ለገበያው ድርጅት ላኩ። አስተያየት መስጫው ላይም «መጥፎ ነው» ብላችሁ አትተዉት። «ኤ4 ተብሎ የተሸጠው 595 በ842 ፒክስል ነው፤ 40 ካሬ 197.6 ሚሊ ሜትር ነው» ብላችሁ ቁጥሩን ከፎቶው ጋር አስቀምጡት።