ክላይሜት ኮንሰልታንት፦ ለአንድ ቤት ይበቃል፣ ለመኖሪያ መንደር ይጎድለዋል

የመኖሪያ ብሎኮችን አቅጣጫና ርቀት ከመወሰን በፊት የቦታውን አየር ጠባይ ማንበብ ግድ ነው። በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ክላይሜት ኮንሰልታንት የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ለዚህ ንባብ ጥሩ ነው። ኢፒደብሊው የሚባለውን የአየር ጠባይ መረጃ ፋይል ይከፍትና የዓመቱን 8,760 ሰዓታት ሙቀት፣ እርጥበት፣ ፀሐይና ነፋስ በሥዕል ያሳያል።

ዋናው ገጹ የሙቀትና የእርጥበት ቻርቱ ነው። ስንት ሰዓት ያለ ማሽን እንደሚመች፣ የቀረውን ጥላ፣ ወፍራም ግድግዳ ወይም ነፋስ ምን ያህል እንደሚያስተካክለው በመቶኛ ይነግራል። የምቾት መለኪያውን ሳይመርጡ ማለፍ ግን የተለመደ ስሕተት ነው። ነዋሪው መስኮት ከፍቶ ለሚኖርበት ቤት አዳፕቲቭ የሚለው፣ ማለትም የምቾቱን ልክ ከውጭው ሙቀት ጋር የሚያስማማው፣ ይሻላል።

የጥላ ቻርቱም ደስ ይላል። ቀይ ነጥብ ሞቃት፣ ቢጫ ምቹ፣ ሰማያዊ ቀዝቃዛ ጊዜ ነው። የመስኮት መከለያውን መስመር ቀዩ እስኪሸፈንና ሰማያዊው ፀሐይ እስኪያገኝ ድረስ ማንቀሳቀስ ነው፤ ማዕዘኑ ይገኛል።

ጉድለቱ የሚታየው ብሎኮች ሲበዙ ነው። ጎረቤት ሕንፃ የሚጥለውን ጥላ አያሰላም፤ ስለዚህ ርቀቱን በእጅ ማውጣት ያስፈልጋል። ከ90 ላይ ኬክሮሱንና 23.5ን ሲቀንሱ፣ ቀኑ በሚያጥርበት ጊዜ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ያላት ከፍታ ይገኛል። የሕንፃው ቁመት ለዚህ ማዕዘን ታንጀንት ሲካፈል የጥላው ርዝመት ይወጣል። 15 ሜትር ብሎክ በ40 ዲግሪ ኬክሮስ 30 ሜትር ያጠላል፣ በ10 ዲግሪ ግን 10 ሜትር ገደማ። አንዱን ፕላን ሁለቱም ጋ የሚደግም ድርጅት፣ ወይ መሬት ያባክናል ወይ ነዋሪውን ፀሐይ ይነፍገዋል። በሞቃትና ደረቅ አገር ደግሞ መቀራረቡ ራሱ ጥቅም ነው፤ ብሎኮቹ አንዱ ለሌላው ጥላ ይሆናሉ።

የሕንፃው ወርድና ርዝመት ምጣኔም ከሶፍትዌሩ አይወጣም። አርክቴክቱ ቪክቶር ኦልጊያይ በ1963 ያወጣው መነሻ አሁንም ይሠራል፦ ለቀዝቃዛ 1 ለ1.1፣ ለሞቃትና ደረቅ 1 ለ1.3፣ ለመካከለኛ 1 ለ1.6፣ ለሞቃትና እርጥብ 1 ለ1.7፤ ረጅሙ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል። በብርድ አገር ቤቶችን ማያያዝ ያዋጣል፤ ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ 10 ሜትር የሆነ ብቸኛ ቤት ለአንድ ሜትር ኩብ ሙቀት የሚያመልጥበት 0.6 ካሬ ሜትር ውጫዊ ገጽ አለው፣ አራቱ በአንድ መስመር ሲያያዙ 0.45 ይሆናል።

የነፋስ ገጹን በጥንቃቄ መያዝ ነው። መረጃው ብዙ ጊዜ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ፣ በ10 ሜትር ከፍታ የተለካ ነው። ብሎኮች በአንድ መስመር ሲደረደሩ የኋለኛው የፊተኛው ከለላ ውስጥ ወድቆ ነፋስ ያጣል፤ ብሎኮቹን ከመስመር አዛንፎ ማቆም ይረዳል። ከተማ ውስጥ ሌሊቱ ከአውሮፕላን ማረፊያው ይልቅ ይሞቃል፤ ስለዚህ ወፍራም ግድግዳን በሌሊት አየር ማቀዝቀዝ በቻርቱ ላይ ከተጻፈው ያነሰ ውጤት ይሰጣል።